በስቅለት ማለዳ ያጠብኳቸው ኮራሎች

ባለፈው እሑድ ልጄ ሶስና ለምሳ መጣች። ጋምለ ኦስሎ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታ ከወጣች ወዲህ እሑድ እሑድ ወደ እኛ ወደ ቫይትቬት ብቅ ትላለች። ምሳዋን ትበላለች፣ የሳምንት ወጧን በየዕቃው ትሞላለች፣ ትሄዳለች። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ከያዘች ገና ስድስት ወሯ ነው። ምን እንደምትሠራ ለሰው ማስረዳት ይቸግረኛል። ከባሕር በታች ነዳጅ መቆፈር የሚፈልግ ኩባንያ መጀመሪያ ወለሉ ላይ ምን እንደሚኖር ማሳየት አለበት አሉ። ካሜራ የተገጠመለት ማሽን ወደ ታች ይላካል፤ እሷ ደግሞ ቢሮ ተቀምጣ ፊልሙን እያየች ያገኘችውን ትመዘግባለች። አባቷ ታምራት «ደመወዝ እየተከፈላት ዓሣ ስታይ ትውላለች» ብሎ ይገላገላል።

ምሳ ጨርሰን ታምራት ሳህኖቹን ለማጠብ ወደ ወጥ ቤት ሲገባ፣ ሶስና ላፕቶፗን ከሰላጣው ሳህን አጠገብ ዘረጋችው።

«ማማ፣ ሴ ሄር! ይቺን ብቻ እዪልኝ» አለች።

ጥቁር ውሃ ነበር። ከጨለማው ውስጥ ቀስ እያለ ነጭ ቅርንጫፍ መሳይ ነገር ወጣ፤ በየጫፉ እንደ አበባ የተከፈቱ ትንንሽ አፎች ነበሩት።

«ኮራል ነው። ሞቃት አገር ብቻ ያለ ይመስልሽ ነበር አይደል? እዚሁ በእኛ ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ አለ።»

«አውቃቸዋለሁ» አልኳት። «እንዲያውም አጥቤያቸዋለሁ።»

ከት ብላ ሳቀች። ፊቴን ስታይ ግን ሳቋን አቆመች። «ሴሪዮስት? እውነትሽን ነው?»

ከዚያ በኋላ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው። እስከዚያ ቀን ከቤተሰቤ ለአንድም ሰው አውርቼው አላውቅም። ለምን ያን ቀን አፌ እንደተከፈተ እንጃ። ስጀምር ከወጥ ቤት የውሃው ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው ሶስና ሳትወለድ፣ አባቷም ገና አዲስ አበባ እያለ ነው። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ኦስሎ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከታምራት ጋር ተጋብተን አብረን የኖርነው ስድስት ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ እኔ ወጣሁ፣ እሱ ቀረ። እሱን ለማምጣት የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የወረቀት መዓት ጠየቀኝ። አንድ ሲቀር ሁሉንም አሟላሁ። የቀረኝ «ፋስት» የሚሉት ሥራ እንዳለኝ የሚገልጽ ደብዳቤ ነው፤ ማብቂያ ቀን የሌለው ቋሚ ሥራ ማለት ነው። እኔ ግን «ቪካር» ነበርኩ፤ የታመመና የወለደ ሰው የምተካ የጽዳት ሠራተኛ። የጽዳት ድርጅቱ አለቃ «ይህን ፀደይ ያለ ቅሬታ ከጨረስሽ ፋስት እናደርግሻለን» ብሎ ቃል ገብቶልኝ ነበር። እንግዲህ ትዳሬ በአንድ ፀደይ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

ታምራት ይህን ሲሰማ መርካቶ ሄዶ ወፍራም ካፖርት ገዛ። በስልክ «ማታ ማታ በር ዘግቼ እለካዋለሁ፤ ላብ ያጠምቀኛል» ይለኝ ነበር። በሩ ኋላ ሰቅሎት ደብዳቤውን ይጠብቃል።

የተመደብኩት ከከተማው ወደ ደቡብ፣ ፊዮርዱ ዳር ያለ አንድ የባሕር ምርምር ጣቢያ ነው። ከቫይትቬት የመጀመሪያውን ባቡር ይዤ እወርዳለሁ፤ ጋምለ ኦስሎ ላይ አውቶቡስ እቀይራለሁ፤ ከዚያ መንገዱ ውሃውን ተከትሎ ይሄዳል። በክረምት ከመስኮቱ ውጭ ምንም አይታይም፤ የራሴን ፊት እያየሁ ነው የምደርሰው። ሚያዝያ ሲገባ ግን አንድ ጠዋት ሳላስበው ባሕሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። በዳሩ ያሉት ዛፎች ቅጠል ሊያወጡ ጫፍ ጫፋቸው ቀልቶ ነበር። ይህ አገር ለካ ይኖርበታል ብዬ መጀመሪያ ያሰብኩት ያን ቀን ነው። ክረምቱን ሙሉ እንደዚያ አላልኩም።

ጽዳት ያስተማረችኝ የመጀመሪያዋ አለቃዬ «ጥሩ ጽዳት ማለት ምልክት አለመተው ነው» ትል ነበር። ሰው ጠዋት ሲገባ ማን እንደነበረ፣ ምን እንደነካ ማወቅ የለበትም። እኔም ይህን ነገር ወደድኩት፤ ኩራቴም ሆነ። ዛሬም ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው መብራት ማጥፊያው ላይ ነው። የጣት አሻራ ካለበት ምሳው አይጥመኝም። ታምራት በዚህ ሲቀልድብኝ ይኖራል።

በጣቢያው የመስታወት ገንዳዎች የተደረደሩበት አንድ ክፍል ነበር። እዚያ ወለሉን፣ መታጠቢያውንና የበሩን እጀታ ብቻ እንዳጸዳ፣ እርጥብ ነገር ግን እንዳልነካ ተነግሮኛል። ለአራት ወር አልነካሁም።

የክፍሉ ኃላፊ ጉንቮር የምትባል፣ ስድሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበ ሴት ነበረች። ከሁሉ ቀድማ ትገባለች። ክርኑ የተቀደደ ሹራብ አላት፤ እሱን ስትቀይር አይቻት አላውቅም። ብዙ ሰው የጽዳት ሠራተኛን ሰላም ብሎ ያልፋል፣ ወይም ሳይል ያልፋል፤ እሷ ቆማ ታወራለች። ኖርዌይኛዬ ያኔ ስብርብር ያለ ስለነበረ ለእኔ ስትል ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠች ነው የምትናገረው።

አንድ ጠዋት መወልወያዬን ተደግፌ «እነዚህን ድንጋዮች ለምንድን ነው የምታስቀምጧቸው?» አልኳት።

«ድንጋይ አይደሉም፤ እንስሳ ናቸው። ይኸው አፉ» አለችና ትንሽ ቀይ ባትሪ አበራችልኝ። እውነትም አፍ ነው። በዙሪያው እንደ ክር የቀጠኑ ጣቶች ነበሩት፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ባሕር ውስጥ ጉድጓድ ሲቆፈር የተፈጨ ድንጋይና የቁፋሮ ጭቃ ይወጣል፤ ውሃው ይዞት ይሄድና ታች ያለው ሁሉ ላይ እንደ አቧራ ይወርዳል። ኮራል ደግሞ እግር የለውም፣ አይሸሽም። አንድ ኩባንያ ኮራል ካለበት ቦታ አጠገብ ሊቆፍር አስቧል፤ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንደኛው ረድፍ ንጹሕ ውሃ ብቻ ያገኛል፤ ሁለተኛው ላይ ትንሽ፣ ሦስተኛው ላይ ብዙ ጭቃ ይወርዳል። ከዚያ ጭቃው ይቆምና ራሳቸውን ማጽዳት ይችሉ እንደሆነ ይታያል። ከቻሉ ቁፋሮው ይጠጋል፤ ካልቻሉ ይርቃል።

በኖርዌይኛ «ያ፣ ያ»፣ አዎ አዎ፣ አልኳት። ገብቶኝም ነበር። ይህን የምለው ቋንቋው ስላልገባኝ ነው የተሳሳትኩት ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው። በደንብ ገብቶኝ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን ክፍሉ እንደ ድሮው አልሆነልኝም። ወለል ስወለውል ሦስተኛውን ረድፍ ላለማየት ፊቴን አዞር ጀመር።

የኖርዌይ ፋሲካ ካለፈ አንድ ወር ሆኖት ነበር። የእኛ ስቅለት የዋለው ለእነሱ ተራ ዓርብ በሆነ ቀን ነው፤ ለተራ ዓርብ ፈቃድ የሚሰጥ የለም፣ ለቪካርማ ጭራሽ። ከሥራ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ነጠላዬን በፌስታል ይዤ ወጣሁ። ሐሙስ ከቀመስኳት ጉልባን በኋላ እህል ውሃ በአፌ አልዞረም። ጉንቮር እስከ ሰኞ ስብሰባ ሄዳለች፤ ሌላው ሰው ያን ክፍል አይከፍትም። ጭቃው ሐሙስ ዕለት ቆሟል፤ የሚቀረው ሰኞ መጥቶ ማየት ብቻ ነበር።

በሩን ስከፍት ብርዱና የፓምፑ ድምፅ ተቀበሉኝ። ሁልጊዜም ቀይ መብራት ብቻ ነው የሚበራው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስድስት ቅርንጫፎች ነበሩ፤ ስድስቱም ግራጫ ጭቃ ለብሰዋል። አንዷ አፍ ጭቃውን ልትገፋ ትንሽ ትከፈታለች፣ ይመለስባታል፣ ትዘጋለች። እንደገና ትሞክራለች። ቆሜ ሳያት አንጀቴን በላችው። ዛሬ ስቅለት ነው፤ ነፍስ ያለው ነገር በቁሙ ሲቀበር እያየሁ ወለል ወልውዬ ልሄድ ነው እንዴ አልኩ።

አፈ ቀጭን የፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር። ከአንደኛው ረድፍ ንጹሕ ውሃ ሞላሁበትና የሕፃን ፊት እንደሚታጠብ አድርጌ አንድ በአንድ አጠብኳቸው። የወረደውን ጭቃ በቱቦ ሳብኩት። ሙከራ መሆኑን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም፤ አውቃለሁ። ግን ያን ሰዓት ሰኞ የሚባል ቀን ትዝ አላለኝም። ጨርሼ ጠርሙሱን ቦታው መለስኩ፣ የተንጠባጠበውን አደረቅኩ፣ ምንም ምልክት አልተውኩም። ቀኑን ሙሉ ስሰግድ ጉልበቴ እንኳ አልደከመኝም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰኞ ስገባ ጉንቮር በኮሪደሩ እየሮጠች መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። ስትሮጥ አይቻት አላውቅም።

«ቬይንሸት! ነይ እዪ! ራሳቸውን አጸዱ፣ ሁሉም!» ወይንሸት ማለት እስከ መጨረሻው አልሆነላትም። ገንዳው ዙሪያ ሦስት ሰዎች ቆመው ይደነቃሉ። «ሐሙስ የኩባንያው ሰዎች ይመጣሉ። እንዲህ ይሆናል ብዬ አልገመትኩም ነበር፤ ግን ያየነው ይኸው ነው።»

«በጣም ጥሩ» አልኩና መወልወያዬን ይዤ ወጣሁ።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ያደረግሁትን ያየሁት ያኔ ነው። በእኔ እጅ የጸዱትን ራሳቸው ያጸዱ መስሏቸዋል። ሐሙስ ይህ ለኩባንያው ይነገራል፤ ቁፋሮው ይጠጋል፤ ጭቃው ደህና ባሉት ኮራሎች ላይ ይወርዳል። ባሕር ውስጥ ያሉትን ደግሞ የምታጥብ ወይንሸት የለችም። አዘንኩላቸው ብዬ ዘመዶቻቸውን ላስፈጅ ነው።

ብናገር ግን ቅሬታ ይጻፍብኛል። ቅሬታ ከተጻፈ ፋስት የለም፤ ፋስት ከሌለ ታምራት የለም። ማክሰኞ ደውሎ «ደብዳቤው መቼ ነው?» ሲለኝ «ፀደዩ ሲያልቅ» አልኩት። «ካፖርቱ ሰላም ብሎሻል» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ረቡዕ ከሥራ ስወጣ የነፍስ አባቴን ፍለጋ አልናብሩ ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። አባ እሑድ ይቀድሳሉ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ደግሞ የጭነት መጋዘን ውስጥ ሣጥን ይደረድራሉ። የምሳ ሰዓታቸው ነበር። ቢጫ ሰደርያቸውን እንደለበሱ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳቦ በቡናማው የኖርዌይ አይብ ይበላሉ።

«ሁዳዴን ሙሉ ይህ አይብ በሕልሜ ሲመጣብኝ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ» አሉና ግማሹን ሰጡኝ። መብላት አቃተኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሣጥን የጫኑ መኪናዎች እስኪያልፉ እየጠበቅን ነበር የምናወራው።

«ቀኖና ይስጡኝ አባ» አልኳቸው። «ስግደት ቢሆን፣ የፈለጉትን ያህል።»

አይባቸውን አኝከው ጨረሱ። «ስግደት ብሰጥሽ ደስ ይልሻል። አልሰጥሽም» አሉ። «እኔ እዚህ ሣጥን ስሰብር ወረቀት አለ፤ የሰበርኩት እኔ ነኝ ብዬ ስሜን እጽፍበታለሁ። አለቃዬ ይቆጣል። ቢቆጣም ዕቃው የተሰበረ መሆኑን የሚገዛው ሰው ያውቃል። ለሴትዮዋ ንገሪያት።»

«ባሌስ አባ?»

«ባልሽ ይጠብቅሻል ልጄ። ይከፋዋል፤ ግን ይጠብቃል። ለእሱም እውነቱን ንገሪው።»

ከሁለቱ ትእዛዞቻቸው የመጀመሪያውን ሐሙስ ጠዋት ፈጸምኩ። ሁለተኛውን አልፈጸምኩም።

ጉንቮር ለእንግዶቹ ጠረጴዛ ስታስተካክል ደረስኩ። ኖርዌይኛው ከአፌ ስላልወጣልኝ ጠርሙሱን አንስቼ እንዴት እንዳጠብኩ በእጄ አሳየኋት፤ ከዚያ «ዓርብ። እኔ። ስድስቱንም» አልኳት። መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ቀልድ መስሏት። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ለምን?»

«አሳዘኑኝ።»

«ሰኞ ለምን አልነገርሽኝም?» ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ማጠብሽ ይገባኛል» አለች። «እኔም አንዳንድ ጊዜ እጄን ያዝ አድርጌ ነው የምወጣው። ሦስቱ ቀን ግን አይገባኝም። ሦስት ቀን ሙሉ እያየሽኝ!»

ትታኝ ወጣች። እዚያው ቆምኩ። ስትመለስ ትልቁን የሥራ መዝገብ ይዛ ነበር። ሰኞ የጻፈችውን ገጽ ገለጠች፤ በደስታ የተጻፈ መሆኑ ከፊደሉ ያስታውቃል። ማስመሪያ አስቀምጣ በላዩ ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረች።

«እዚህ መዝገብ ላይ ምንም ነገር አይጠፋም» አለች። «ስህተት ላይ አንድ መስመር ይሰመርበታል፤ ከሥሩ ያለው ግን መነበብ አለበት። አሁን ያደረግሽውን ጻፊ። በራስሽ ቋንቋ ጻፊው፤ ከሥሩ እኔ እተረጉመዋለሁ።»

ጻፍኩ፦ «ዓርብ በስቅለት ጠዋት ሦስተኛውን ረድፍ በንጹሕ ውሃ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ራሳቸውን አላጸዱም። ወይንሸት።» ምልክት እንዳልተው የተማርኩ ሰው በሕይወቴ የመጀመሪያውን ምልክት የተውኩት በዚያ መዝገብ ላይ ነው። ፊደሉ የሕፃን መስሏል።

ለእንግዶቹ የሆነው ሁሉ ተነገራቸው። ሦስተኛው ረድፍ ተሰርዞ በሌሎች ኮራሎች እንደ አዲስ ተጀመረ። የጽዳት ድርጅቱ ወደ አውቶቡስ ጋራዥ አዛወረኝ፤ ጉንቮር እንዳልባረር ለምናልኛለች፤ ፋስት የሚለው ቃል ግን ሁለተኛ አልተነሳም። ደብዳቤውን ከሌላ ድርጅት እስካገኝ ብዙ ጊዜ ወሰደ። ለታምራት «ወረቀቱ ዘገየ፤ የቢሮ ነገር ታውቃለህ» አልኩት። አመነኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ከኮሙኑ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ማለቴ ነው፣ አንድ ደብዳቤ በዘገየ ቁጥር «እነዚህ ሰዎች እኮ እኔንም እንደዚሁ አስረውኝ ነበር» ይላል። እኔ ሻይ አፈላለሁ።

በሌላው ዓመት ጉንቮር ደውላ ጠራችኝ። በአዲሱ ሙከራ ሦስተኛው ረድፍ ራሱን ማጽዳት አልቻለም፤ ጉድጓዱም ራቅ ወዳለ ቦታ ተወስዷል። ምክንያቱ ይህ ብቻ እንዳልሆነ፣ ከብዙዎቹ አንዱ እንደሆነ ነገረችኝ። ኩራት እንዳይሰማኝ ብላ ይሁን ሐቁ እንዲህ ስለሆነ ይሁን አላውቅም፤ የምትጨምርም የምትቀንስም ሴት አልነበረችም። ስንለያይ የሞተ ነጭ የኮራል ቅርንጫፍ ሰጠችኝ። ታምራት ሲመጣ «የባሕር ድንጋይ ነው» አልኩት። መታጠቢያ ቤት ወስዶ መላጫውን ያስደግፍበት ጀመር፤ ሃያ ምናምን ዓመት አስደገፈበት።

ለሶስና እዚህ ድረስ ነግሬያት ዝም ስል፣ ከወጥ ቤት የውሃ ድምፅ እንደሌለ ልብ አልኩ። መቼ እንደቆመ አላውቅም። ታምራት ሽርጡን እንዳገለደመ በሩ ላይ ቆሟል።

«አንድ ዓመት ከሁለት ወር» አለ። የጠበቀውን ጊዜ እኔ በቁጥር አልተናገርኩትም ነበር።

«አዎ።»

«ካፖርቴን ብል የበላው ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው። ቢሮው አልነበረም ታምራት። እኔ ነኝ።»

ሶስና ላፕቶፑን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች፤ «ተዪው» አላት። እጁን በሽርጡ ጣት በጣት አደረቀና ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደ። ቅርንጫፉን ይዞ ተመለሰ። ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊልሙ አጠገብ አስቀመጠው። አንዴ ያንን፣ አንዴ ይህን ሲያይ ቆየ።

«ዳኑ?» አለኝ።

«ያጠብኳቸው? አዎ። ለብቻቸው ገንዳ ተሰጣቸው። ጉንቮር ጡረታ ስትወጣ ገና በሕይወት ነበሩ።»

ራሱን ነቀነቀና ሳህኖቹን ሊጨርስ ተመለሰ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ይቅር ብሎኝ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ጉንቮር ሦስት ቀን አልገባት ካለ፣ ለዚህ ሁሉ ዓመት ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? ትናንት፣ ከኮሙኑ የምንጠብቀው ደብዳቤ አሁንም አልመጣም ስለው «እነዚህ ሰዎች እኮ...» ብሎ ጀመረና ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። መላጫው አሁን ብርጭቆ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ቅርንጫፉ እሑድ ካስቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ አልተነሳም። ጠዋት ጠዋት በዙሪያው እወለውላለሁ፤ እሱን ግን አላነሳውም።